ዓይን የማን ይሁን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሰላይ አይሮፕላን የሚናገር ጽሑፍ ስለ መልካም ጠባይ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄህ ተገቢ ነው። ብዙ ሰዎች ስለላ ሲባል የሚያስቡት ሌላውን ሰው ተደብቆ ማየት ነውር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ብቻ ነው። ይህ ክርክር የቆየ ነው፤ መንግሥታትም የክርክሩን ማለቂያ ሳይጠብቁ ሥራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ ሲያሳስበኝ የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚያየው ዓይን በማን እጅ ይደር የሚለው ነው። ሊመታ የተዘጋጀው ራሱ ይይ? ወይስ የሚያይ ሌላ፤ የሚመታ ሌላ ይሁን?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ በአርሲ ደጋ፤ ከአሰላ ከተማ በላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። የአባቴና የአጎቴ የገብስ ማሳ ድንበርተኛ ነበር። እሸቱ ሲደርስ ቀን ዝንጀሮ፤ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይገባበታል። ስለዚህ በሁለቱ ማሳ መካከል ባለው ጉብታ ላይ አንድ ማማ ሠርተው አንድ ልጅ በጋራ ቀጠሩ። ጠቡ የተነሣው ልጁ ማማው ላይ ከወጣ በኋላ ነው። አጎቴ ውሾች ነበሩት፤ ወንጭፍም ጦርም ያነሣ ነበር። አባቴ ግን በሕመም ምክንያት ጉልበቱ የደከመ ሰው ነበር። «ልጁ የኔ ይሁን» አለ አጎቴ፤ «ያየውን መንገር ያለበት ለሚያባርረው ነው እንጂ ለተኛ ሰው ቢነግረው ምን ይጠቅማል?» አባቴም «ያንተ ከሆነ የሚያየው ባንተ ማሳ የገባውን ብቻ ነው» ሲል መለሰለት። ነገሩን ያባሰው ደግሞ አጎቴ ከታች ካለው ጎረቤታችን ጋር በከብት ካሳ ምክንያት የተቃቃረ መሆኑ ነው። ልጁ ባጎቴ ቤት መብላት በጀመረ ሰሞን የጎረቤታችንን ላሞች ከማሳው ውስጥ አየሁ ማለት አበዛ። አንዳንድ ጊዜ ላሞቹ በርግጥ ገብተው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ልጁ ያየው የጌታውን ፊት ነበር።

በመጨረሻ አንድ የተከበሩ የአርሲ ሽማግሌ ተጠርተው ፈረዱ። ልጁ ምሳውን ባንዱ ቤት፤ እራቱን በሌላው ይብላ፤ ወንጭፍ በእጁ አይያዝ፤ ያየውንም ነገር ሦስቱም ቤት እንዲሰማው አድርጎ ይጩኽ አሉ። ሦስተኛው ቤት የከሰሱት ጎረቤታችን ቤት ነው። ይህ ፍርድ የጎረቤታችንን ላሞች ከሐሰት ክስ አዳናቸው። ሆኖም ዋጋ አስከፈለ። አንድ ሌሊት ልጁ ከርከሮ ገባ ብሎ ቢጮኽ አጎቴ ወንድሜ ይሄዳል ብሎ፤ አባቴም ውሾቹ ያሉት እርሱ ዘንድ ነው ብሎ ሁለቱም ሳይነሡ ቀሩ። ሲነጋ የማሳው አንድ ጥግ እንደ ታረሰ መሬት ሆኖ ተገኘ። አጎቴ እስኪሞት ድረስ «ዓይኑ የኔ ቢሆን ኖሮ» እያለ ያችን ጥግ ይጠቅሳት ነበር፤ አባባሉም ውሸት አልነበረም።

ከዚህ የመንደር ማማ እጅግ ወደሚበልጠው ማማ ስንሄድ ነገሩ በመጠን ይለያያል እንጂ በጠባዩ አይለያይም። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመቶች በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።) በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካኖች ስለ ሶቭየት ኅብረት የሚያውቁት ጥቂት ነበር። አገሪቱ ሰፊና የተዘጋች በመሆኗ በውስጧ ስንት የቦምብ አይሮፕላን እንዳለ ለማወቅ አልቻሉም። ኬሊ ጆንሰን የተባለ የሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲስ ከፀረ አይሮፕላን መሣሪያ በላይ እየበረረ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ቀላል አይሮፕላን እሠራለሁ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ አየር ኃይል ግን በ1954 ሐሳቡን አልተቀበለውም። መድፍ የሌለው፤ ክንፉ የረዘመ፤ ሞተሩ አንድ ብቻ የሆነ አይሮፕላን ለወታደር ዓይን አያምርም። ጄምስ ኪሊያንና ኤድዊን ላንድ የተባሉ የሳይንስ ሰዎች ግን ሥራውን ሲ አይ ኤ የተባለው የስለላ መሥሪያ ቤት እንዲይዘው መከሩ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ፈቀደ። ዩ-2 የተባለው አይሮፕላን በ1955 ተነሥቶ በረረ። የበረራው ከፍታ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኛ ጭላሎ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ስለሆነ አምስት ጭላሎ ቢደራረብ ያን አይሮፕላን ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል።

እንግዲህ አይሮፕላኑ መብረሩ በታወቀ ጊዜ የናቀው አየር ኃይል ፈለገው። የቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ሁሉ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ ሥራው ወደ እርሱ ክፍል እንዲዞር ጠየቀ። አይዘንሃወር ግን እንቢ አለ። ይህ ሰው ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩትን መንግሥታት ጦር ሲያዝ የኖረ ጄኔራል መሆኑን አስታውስ። የጦር ልብስ የለበሰ ሰው የሌላውን አገር ድንበር በአየር ቢጥስ የጦርነት ሥራ ይሆናል ብሎ ስላመነ አብራሪዎቹ ከአየር ኃይል በይፋ ተሰናብተው በሲቪልነት እንዲቀጠሩ ተደረገ። አየር ኃይል ሞተሩን፤ የአየር ጠባይ መረጃውንና የማረፊያ ጣቢያዎቹን ሰጠ፤ ትእዛዙና የፎቶግራፉ ንባብ ግን በስለላው መሥሪያ ቤት እጅ ቀረ። ምሳ ባንዱ ቤት፤ እራት በሌላው ማለት ይህ ነው።

የዚህ አከፋፈል ጥቅም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1955 በሞስኮ በተደረገው የአየር ትርዒት ላይ የሶቭየቶች አዲስ የቦምብ አይሮፕላን ሰልፍ ሠርቶ አለፈ፤ የውጭ አገር ተመልካቾችም ቁጥሩ ብዙ ነው ብለው ደነገጡ። በኋላ እንደ ተነገረው ግን ያው ጥቂት አይሮፕላን ዞሮ ተመልሶ ስላለፈ ነበር የበዛው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሶቭየቶች ቀድመውናል፤ ብዙ ቦምብ ጣይ ይሠራልን አለ፤ ለዚሁም ገንዘብ ተጠየቀ። በጁላይ 1956 ዩ-2 በሶቭየት ምዕራባዊ ክፍል በሚገኙ የቦምብ አይሮፕላን ጣቢያዎች ላይ በርሮ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ያ የተፈራው አይሮፕላን በተባለው ብዛት ሊገኝ አልቻለም። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፎቶግራፉን የሚያነበው አየር ኃይል ቢሆን ኖሮ ይዋሽ ነበር ማለቴ ነውን? አይደለም። መዋሸት አያስፈልገውም ነበር። ከደመናው በስተኋላ፤ በግርዶሹ ውስጥ፤ ገና ባልተነሣው ጣቢያ ላይ መኖር አለባቸው ብሎ በቅን ልቡና ያምን ነበር። ብዙ አይሮፕላን ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የጠላት አይሮፕላን ሲያንስበት ደስ አይለውም።

ይህ ጠባይ ለኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ጦርነት በፊት ባሻ አውዓሎም የኢጣልያኖች ሰላይ መስሎ እየተመላለሰ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር እንደ ተበተነና እንደ ተራበ ለጄኔራል ባራቲየሪ ነገረው። ባሻ አውዓሎም ብልህ ሰው ነበር፤ ብልሃቱ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ባራቲየሪ ሊሰማ የሚወደውን ነገር አውቆ ያንኑ ሰጠው። ገበያው ላይ ገዢ ባይኖር ኖሮ ያ ወሬ አይሸጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ስናገር የስለላውን መሥሪያ ቤት የማመሰግን እንዳይመስልህ። ዓይን ብቻ ይሁን የተባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ብዙ ሳይቆይ እጅ አበቀለ። የዩ-2ን ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ የመራው ሪቻርድ ቢሰል የተባለ እጅግ ብልህ ሰው ነው። በ1959 ይኸው ሰው በመሥሪያ ቤቱ የስውር ዘመቻዎች ሁሉ ኃላፊ ሆነ፤ በኤፕሪል 1961 በኩባ በአሳማ ባሕረ ሰላጤ የወረደውን ስደተኛ ጦር ያዘጋጀውም እርሱ ነው። ከዘመቻው በፊት ጦሩ የሚወርድበት ባሕር ዳር ከአየር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር፤ በውኃው ውስጥ የታየው ጥቁር ነገር የባሕር ሣር ነው ተባለ። ጀልባዎቹ በሌሊት ሲደርሱ ግን እንደ ምላጭ የሚቈርጥ የኮራል ድንጋይ ሆኖ ጠበቃቸው። ዘመቻው የወደቀው በዚያ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የሚበልጥ ብዙ ስሕተት ነበረበት። እኔ ግን ስለ ኩባ ባነበብሁ ቍጥር ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ያ የባሕር ሣር ነው። ለመውረድ የቆረጠ ሰው ድንጋዩን ሣር ብሎ ያነበዋል።

ከዚያ በፊት በሜይ 1 ቀን 1960 ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ የሚያበረው ዩ-2 ከፓኪስታን ተነሥቶ ስቬርድሎቭስክ በተባለው ከተማ አጠገብ ተመትቶ ወደቀ። አሜሪካኖች ሰውዬው ሞቷል ብለው ስለገመቱ አይሮፕላኑ የአየር ጠባይ ሲመረምር መንገድ የሳተ ነው ብለው በዓለም ፊት ተናገሩ። ክሩሽቾቭ ግን ሰውዬውን ከነሕይወቱ አቀረበው። የሲቪል ልብስ ፓወርስን ከመያዝ፤ መንግሥቱንም ከውርደት አላዳነም፤ በዚያው ወር በፓሪስ ሊደረግ የታሰበውም የመሪዎች ስብሰባ ፈረሰ። ሆኖም ይህን ልብ በል፤ የአሜሪካ ጦር ሰውዬ ተመታብኝ ብሎ ሊበቀል አልተነሣም፤ የተመታው ዓይን የእርሱ አልነበረምና።

በ1962 ይህ ሁሉ ተገለበጠ። በኦገስት መጨረሻ የሲ አይ ኤ ዩ-2 በኩባ ላይ በርሮ ፀረ አይሮፕላን ሚሳይሎች መተከላቸውን አየ። ይህ ሊያስቸኩል ሲገባው ያስፈራ ጀመር። ሌላ ፓወርስ እንዳይወድቅ ተብሎ አይሮፕላኖቹ በደሴቲቱ መካከል እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ለአምስት ሳምንታት ያህልም ዋናው ቦታ ሳይታይ ቀረ። በኦክቶበር 9 ቀን መሄድ አለበት ተብሎ ሲወሰን ደግሞ ጠቡ ተነሣ። አየር ኃይል አይሮፕላኑ ቢወድቅ የጦር መኮንን መሆኑ ይሻላል፤ ከእንግዲህ በሲቪል ስም የሚያምነን የለም አለ። የስለላው መሥሪያ ቤት ምክትል ዲሬክተር ጄኔራል ማርሻል ካርተር ልምዱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። (ጄኔራል ሲሆን ለሲቪሎቹ መከራከሩ አይግረምህ፤ ሰው ከለበሰው ልብስ ይልቅ ለተቀመጠበት ወንበር ያደላል።) በኦክቶበር 12 ቀን ሥራው ለአየር ኃይል ተሰጠ። የሚያስቀው ነገር ግን የአየር ኃይሉ ዩ-2 የስለላው መሥሪያ ቤት ዩ-2 የሚደርስበት ከፍታ ላይ ስለማይደርስ አይሮፕላኑን ከተቀማው መሥሪያ ቤት መዋስ ግድ ሆነ። ሁለት የአየር ኃይል ሻለቆች በዚያ በተዋሱት አይሮፕላን ለጥቂት ቀናት ሠለጠኑ። ከውሳኔው እስከ በረራው አምስት ቀን አለፈ፤ ለዚህም የአየሩ መክፋትና የሰዎቹ ጠብ ሁለቱም ምክንያት ነበሩ። በአጎቴ ማሳ ጥግ ላይ ከርከሮው የበላው እንደዚህ ባለ ሌሊት ነው።

በኦክቶበር 14 ቀን ሻለቃ ሪቻርድ ሄይዘር በኩባ ላይ ጥቂት ደቂቃ በርሮ 928 ፎቶግራፍ አነሣ። እንግዲህ እጁ ዓይኑን ወሰደ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አልተወሰደም፤ ንባቡ። ፊልሙ በዋሺንግተን ከተማ መኪና ከሚሸጥበት መደብር በላይ ባሉ ፎቆች ወዳለው የፎቶግራፍ ንባብ ማዕከል ተላከ። ማዕከሉ በሲ አይ ኤ ሥር የነበረ፤ የጦር ኃይሎች ሰዎችም አብረው የሚሠሩበት ነው፤ ኃላፊውም አርተር ሉንዳል ይባል ነበር። በማግሥቱ አንባቢዎቹ በዛፎቹ መካከል የተጋደመውን ረጅም ነገር ለክተው፤ ከቀድሞ መረጃ ጋር አስተያይተው፤ ወደ አሜሪካ ከተሞች ሊደርስ የሚችል ሚሳይል መሆኑን አወቁ። በ16ኛው ቀን ጠዋት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተነገረው። የጦር አለቆቹ ወዲያው ይደብደብ አሉ። እነዚያ ከመኪናው መደብር በላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን የሚጥሉት ቦምብ አልነበራቸውም፤ የሚጠየቁት ስንት ነው፤ የት ነው፤ መቼ ይደርሳል የሚለውን ብቻ ነው። ኬኔዲም በመርከብ መክበብን መረጠ፤ ሳይተኩስ ያሰበባቸውን ቀኖች ያገኘው በከፊል ከነዚያ ሰዎች ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓይኑን እጅ መውሰዱ ምን እንደሚያመጣ የታወቀው በኦክቶበር 27 ቀን ነው። ከሁለቱ ሻለቆች ሁለተኛው፤ የ35 ዓመቱ ሩዶልፍ አንደርሰን፤ በኩባ ላይ ሲበር በሚሳይል ተመትቶ ሞተ። የጦር ልብስ የለበሰ መኮንን ተገደለ። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ የተኮሰውን ጣቢያ እንመታለን ተብሎ አስቀድሞ ተመክሮበት ነበር፤ የጦር አለቆቹም ይህንኑ ጠበቁ። ኬኔዲ ግን ከለከለ። በማግሥቱ ክሩሽቾቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሣ በሬዲዮ አስታወቀ። አንባቢዬ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያች ቀን ቁጣው ቢያሸንፍ ኖሮ እኔና አንተ ይህን ነገር በሰላም ተቀምጠን ለመጫወት መቻላችንን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመሥሪያ ቤቶቹ ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። ሲ አይ ኤ ከዩ-2 እጅግ የፈጠነ ኤ-12 የተባለ አይሮፕላን አሠራ፤ አየር ኃይል የዚያኑ ወንድም ኤስ አር-71ን ያዘ፤ ለሁለቱም ገንዘብ ስላልበቃ በ1968 የስለላው መሥሪያ ቤት አይሮፕላን ከሥራ ወጣ። በ1974 የቀሩት ዩ-2ዎችም ለአየር ኃይል ተሰጡ። ክርክሩን የቈረጠው ገንዘብ እንጂ ጥበብ አልነበረም፤ የመንግሥት ሥራ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

ነገሩ በእኛ ዘመን እንደገና የተነሣው አብራሪ የሌለው አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ነው። በ2000 ሲ አይ ኤ ፕሬዴተር የተባለውን ወደ አፍጋኒስታን ሰማይ ሲልክ የያዘው ካሜራ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚሳይል ሊታጠቅ ሲል ማን ይከፍላል፤ ቁልፉንስ ማን ይጫናል በሚለው ላይ በስለላውና በጦሩ መካከል ረጅም ክርክር ሆነ። ሴፕቴምበር 11 ከደረሰ በኋላ ክርክሩ ተዘጋ፤ ሁለቱም የሚያይና የሚመታ አይሮፕላን ያዙ። የማማው ልጅ ወንጭፍ ተሰጠው ማለት ነው፤ ያውም ከማማው ሳይወርድ የሚወረውረው ወንጭፍ።

በኛም አገር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተደረጉት ጦርነቶች ይህ መሣሪያ ሥራ ላይ ውሏል፤ ድሮን የሚለው ስም አሁን በአሰላ ገበያ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው። ከላይ ያለው ካሜራ ሠርግ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከተሰበሰበ ጦር ለይቶ ራሱ አይናገርም። የሚለየው አንባቢው ሰው ነው። ያ ሰው እንጀራውን የሚበላው በማን ቤት ነው? ያየሁት ሣር ሳይሆን ድንጋይ ነው ቢል አለቃው ይቈጣዋልን? ጩኸቱንስ ሦስተኛው ቤት ይሰማዋልን? ከናንተ ከወጣቶቹ አንዳንዶቻችሁ በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ሌላ ሰው ቀድሞ ስለማይጠይቃችሁ ነው አሁን የምጠይቃችሁ።

ከአሰላ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የዝዋይ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆው ላይ ይታያል። ያንኑ ሸለቆ ይዞ ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው አባያንና ጫሞን አይቶ አርባ ምንጭ ይደርሳል። በ2011 የአሜሪካ አየር ኃይል ከአርባ ምንጭ ሲቪል አይሮፕላን ማረፊያ ሪፐር የተባለውን አብራሪ የሌለው አይሮፕላን ወደ ሶማልያ ያስነሣ እንደ ነበር በጥቅምት ወር በጋዜጣ ተገለጸ። አየር ኃይሉም እዚያ ያለው ለማየት ብቻ ነው፤ መሣሪያ አልያዘም ብሎ መለሰ። በረራው በ2015 ቆመ። እንደዚያ ያለውን አይሮፕላን የሚያስነሡትና የሚያሳርፉት በቦታው ያሉ ሰዎች ሲሆኑ፤ ከተነሣ በኋላ የሚመሩት ግን በሳተላይት አማካይነት በሩቅ አገር በክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሥዕሉም የሚነበበው እዚያው ነው። ሪፐር ሚሳይል ሊሸከም የሚችል አይሮፕላን ነው። በአርባ ምንጭ ሙዙን የሚያጠጣው ገበሬ ከራሱ በላይ ሲያልፍ ያየው ክንፍ በዚያን ቀን ዓይን ብቻ ይሁን ወይም እጅም ጭምር ከመሬት ሆኖ ለመለየት አይችልም ነበር።